የነፋስ ምንዝሮች

ሰኔ ገብቶ እኛ ጃንጥላ ስንፈልግ በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያሉ ሰዎች ሸራ ይፈልጋሉ። የእነሱ በጋ የሚገባው የእኛ ክረምት ሲገባ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ፣ ወይም ገና ያልጀመሩ፣ ወይም አያቶች ዘንድ ጥለው ያመለጡ ባልና ሚስቶች አሉ። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሜትር በምትረዝም ባለሸራ ጀልባ ሁለት ብቻ ሆነው ይሳፈሩና ከሐይቁ ደቡብ ተነሥተው በምሥራቁ ዳርቻ ከከተማ ከተማ እያደሩ ወደ ሰሜን ይወጣሉ። ሴንት ጆሴፍ፣ ሳውዝ ሄቨን፣ ሶጋታክ፣ ሆላንድ፣ ግራንድ ሄቨን፣ መስኪገን፣ ፔንትዋተር፣ ሉዲንግተን፣ ማኒስቲ፣ ፍራንክፈርት፣ ሊላንድ፣ ሻርለቮይ፤ ከቀናቸው ደግሞ ማኪኖ ደሴት። ይህን ሁሉ «ዕረፍት» ይሉታል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን የዕረፍት መልክ የለውም። ጎህ ሳይቀድ መነሣት አለ፤ ገመድ መሳብ አለ፤ ቁም ሣጥን በምታክል ማዕድ ቤት ጎንበስ ብሎ ማብሰል አለ፤ ሌሊት መልህቁ ተንሸራተተ አልተንሸራተተ እያሉ መባነን አለ። ይህንኑ ሥራ ዘርዝሮ የቅጥር ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅት ቢኖር አመልካች አያገኝም። ታዲያ ሰው ከኪሱ ከፍሎ የሚሠራውን ሥራ ዕረፍት የሚያሰኘው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ሰው የሚያርፈው ሥራ ሲተው ሳይሆን አለቃ ሲቀይር ነው። ጀልባ ላይ አለቃው ነፋስ ነው። ባልና ሚስት ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ማን የማን አለቃ እንደሆነ ሳይለይላቸው ዓመት ሙሉ ሲከራከሩ የሚከርሙ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሁለቱንም እኩል ምንዝር የሚያደርግ ሲመጣባቸው ይስማማሉ።

ነፋስን አለቃ ማለቴ ለቀልድ ብቻ እንዳይመስል የግዛቱን ስፋት ማየት ያስፈልጋል። ሐይቅ ሲባል ጣና ፊቱ የሚመጣበት አንባቢ ልኩን ማስተካከል አለበት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ጥልቀቱም 15 ሜትር ገደማ ነው። ሚሺጋን ወደ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከደቡብ እስከ ሰሜን 494 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቁ ቦታ 281 ሜትር ይወርዳል። ቺካጎ የሚኖሩ ወገኖቻችን እሑድ ከሰዓት ዳሩ ላይ ሲንሸራሸሩ ማዶው አይታያቸውም፤ ባሕር አለመሆኑን የሚያምኑት ቀምሰው ጨው ሲያጡበት ነው። ባሕር ላይ ከነፋስ ሌላ ጨረቃም ሥልጣን አላት። ውሃውን በየቀኑ ከፍና ዝቅ ታደርገዋለች፤ መርከበኛውም የእሷን ሰሌዳ አይቶ ይነሣል። ሚሺጋን ላይ የጨረቃ ድርሻ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍምና ነፋስ ምክትል የሌለው ሹም ሆኖ ይኖራል። ሞገዱን የሚያነሣው እሱ ነው፤ ያውም እንደ ውቅያኖሱ ረጅምና ዘገምተኛ ያልሆነ፣ አጭርና ቀጥ ያለ፣ አንዱን ተወጥተው ሳይጨርሱ ሌላው የሚደርስ ሞገድ። የውሃውን ሙቀት ሳይቀር እሱ ይወስናል። ትናንት ሲዋኙ የዋሉ ሰዎች ሌሊቱን ሰሜናዊ ነፋስ ካደረ ጠዋት እግራቸውን ነክረው ይጮኻሉ፤ ላይ ላዩን የነበረው ሞቅ ያለ ውሃ ወደ መሐል ተገፍቶ ሄዶ ከሥር ያለው በረዶ መሳይ ውሃ በቦታው ወጥቷልና። የመዋኛ ልብስ በሻንጣ አጭቆ የመጣ ሰው ይግባኝ የሚልበት የለም።

ዝንቡንም የሚያመጣው እሱ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ የተጓዘ ባለጀልባ ስለ ማዕበል ሲጠየቅ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፤ ስለ ዝንቡ ሲጠየቅ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ከሩቅ ሲያዩት የቤት ዝንብ ነው። ቀረብ ሲሉ ከአፉ ወደ ፊት የተቀሰረ መርፌ አለው። ፊትና እጅ አያምረውም፤ የሚወደው ቁርጭምጭሚት ነው፤ ካልሲ ላደረገ ሰው በካልሲው ላይ ይወጋል። ነፋሱ ከየብስ ሲነፍስ ከዳር ተነሥቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ውሃው ላይ ማረፊያ ሲያጣ ያገኛት ጀልባ ላይ ይሰፍራል። ባልና ሚስቱ በአንድ እጃቸው መሪና ገመድ፣ በሌላው የዝንብ መግደያ ይዘው፣ እግራቸውን እያነሡ እየጣሉ ይውላሉ፤ ከዳር ለሚያያቸው እስክስታው ወደ እግር የወረደባቸው ይመስላል። ከዚያ ነፋሱ ይዞራል፤ ዝንቡም በመጣበት ፍጥነት ይጠፋል። ለምን እንደመጣ ያስረዳ እንደሌለ ሁሉ ለምን እንደሄደም የሚያስረዳ የለም፤ ይህን ዓይነት አሠራር የመሥሪያ ቤት ሰው በደንብ ያውቀዋል።

ይህ አለቃ ከተማ ሲያባርርም ታይቷል። ሶጋታክ አጠገብ፣ ካላማዙ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ቦታ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ሲንጋፖር የምትባል ከተማ ነበረች። ሥራዋ ግንድ መሰንጠቅ ነበር። ያኔ ዳርቻው የጥድ ደን ነበር፤ ከላይ ከጠራኋቸው ከተሞች ብዙዎቹም ያደጉት ግንዱን በወንዝ አውርደው፣ ወንዙ አፍ ላይ ሰንጥቀው፣ በመርከብ ወደ ቺካጎ በመላክ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1871 ቺካጎን እሳት በላት። (በዚያው ዕለት ሆላንድና ማኒስቲም ተቃጥለዋል፤ ትልቅ ከተማ ሲቃጠል ግን የትንሹን ጢስ የሚያይ የለም።) ቺካጎን መልሶ ለመሥራት እንጨት ተፈለገ፤ የሲንጋፖር ሰዎችም በዙሪያቸው ያለውን ዛፍ ቆርጠው ሸጡ። ለካ አሸዋውን ይዞላቸው የኖረው ዛፉ ኖሯል። ነፋሱ የዳርቻውን የአሸዋ ኮረብታ እየገፋ አምጥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋን ቀበራት። ዛሬ ሶጋታክ ወደብ አድረው አይስክሬም የሚልሱ ባልና ሚስቶች በዚያው ሰፈር አሸዋ ላይ ሲንሸራሸሩ ከሥራቸው የቤት ጣሪያ ሊኖር እንደሚችል የሚያስታውሱት ጥቂቶቹ ናቸው።

ሰውስ በዚህ ሐይቅ ላይ አለቃ ልሁን ቢል? ተሞክሯል። ጄምስ ስትራንግ የሚባል የሃይማኖት መሪ እ.ኤ.አ. በ1850 ቢቨር ደሴት ላይ ንጉሥ ነኝ ብሎ ዘውድ ደፋ። አምስት ሚስቶች ነበሩትና የትዳር ልምድ አነሰው አይባልም። ልምዱ ግን አላስጠነቀቀውም፤ የደሴቲቱ ሴቶች ቀሚስ ትተው ሱሪ መሰል ልብስ እንዲለብሱ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1856 በጥይት ተመታ። ከተኳሾቹ አንዱ ሚስቱ ያንን ልብስ እምቢ ያለች፣ ራሱም በንጉሡ ዘመን የተገረፈ ሰው ነበር። ነፋስ በዚያው ደሴት ስንት ቀሚስ ሲገልብ፣ ስንት ባርኔጣ ሲነጥቅ ኖሯል፤ የተኮሰበት ግን የለም። የሰውን ልጅ የሚያስቆጣው መታዘዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነፋስም ጠላት ባፈራ ነበር። የሚያስቆጣው አዛዡ እንደኔ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ እንደኔ የሚሳሳት፣ ምናልባትም ትናንት እኔ ሻይ የጋበዝኩት መሆኑ ነው።

የባልና የሚስቱ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚነሣው ጭቅጭቅ ላይ ላዩን ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ዘመድ ይምሰል እንጂ ሥሩ ሲቆፈር «ማን ወሰነ?» የሚል ነው። ለሠርግ ለመውጣት ስድስት ሰዓት ተባብለው ስድስት ተኩል ላይ በር ላይ የቆመው ሰው የእጅ ሰዓቱን ቢያይ፣ ያ አስተያየት ትእዛዝ ነው፤ መልሱም ዝምታ ሆኖ እስከ ሠርጉ አዳራሽ ይዘልቃል። ጀልባ ላይ ግን ጠዋት የሚሰማው ሬዲዮ ነው። ደቡብ ምዕራብ ነፋስ እየበረታ ይሄዳል፣ ሞገዱ ከሁለት ሜትር በላይ ይደርሳል፣ ትንንሽ ጀልባዎች ይጠንቀቁ ይላል። ሁለቱ ይተያያሉ። ዛሬ ጉዞ የለም። ማንም አልከለከለ፣ ማንም አልተሸነፈ፤ ሚስት «ሳልልህ ቀርቼ ነው?» የምትልበት፣ ባል «ያንቺ ፍርሃት» የሚልበት ቀዳዳ የለም። ሁለቱም የተበሳጩት በአንድ አካል ላይ ነው። ቡናቸውን ይዘው ይቀመጡና ያሙታል፤ «ትናንት እንዲህ ብሎን አልነበረም»፣ «ከእሱ ምን ይጠበቃል»። አለቃን አብሮ ማማት ሠራተኞችን ምን ያህል እንደሚያቀራርብ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ባልና ሚስትም አንድ መሥሪያ ቤት ከገቡ ከዚህ ደንብ አይወጡም።

የዚህ አለቃ ጠባይ ደግሞ ለሐሜት የተመቸ ነው። በበጋ በሐይቁ ላይ የሚበዛው ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነው። ወደ ሰሜን ሲወጡ ከኋላ ይገፋል፤ ሸራው ይሞላል፣ ጀልባዋ ትፈሳለች፣ ባል ፉጨት ይቃጣዋል፣ ሚስትም ሥራ ለቅቆ እንዲህ እየኖሩ ስለመቅረት ታወራለች። የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ይጠብቃቸዋል። ባለሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት በቀጥታ መሄድ አትችልም። 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ብላ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ዚግዛግ እየሠራች ነው የምትጠጋው፤ በመሄጃው አንድ ቀን የፈጀ መንገድ በመመለሻው ሁለት ቢፈጅ አያስገርምም። ልምድ ያላቸው ከፈቃዳቸው የሚበዛውን ቀን ለመመለሻው ያስቀምጣሉ። ጀማሪዎቹ እኩል ለእኩል ይከፍሉታል፤ ከዚያ ጀልባዋን መሐል መንገድ ወደብ ላይ አስረው በመኪና ተሳፍረው ሰኞ ጠዋት ወደ አሮጌው አለቃ ይሮጣሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ ጀልባዋን ሊያመጡ ይመለሳሉ። ሁለት አለቃ በአንድ ጊዜ ማገልገል የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው።

ለክርክሬ ትልቁ ማስረጃ ግን ጠቡ የሚነሣበት ቦታ ነው። ባልና ሚስት በጀልባ ሲጣሉ ማየት የሚፈልግ መሐል ሐይቅ ድረስ አይድከም፤ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ አንዱ ወደብ ዳር ወንበር ስቦ ይቀመጥ። ጀልባዋ ከሐይቁ ወደ ወንዙ አፍ ገብታለች፤ ሸራው ወርዷል፣ ሞተሩ ተነሥቷል። በዚህች ደቂቃ ሥልጣን ከነፋስ ወደ ሰው ተላልፏል። ባል ከኋላ መሪውን ጨብጧል። ፊቱ የሚጠብቀው ከጀልባዋ ወገብ ብዙም የማይሰፋ ማቆሚያ ነው፤ ጎን ለጎን የቆመው የሰው ንብረት ያብረቀርቃል። ሚስት ከፊት ጫፉ ላይ ገመድ ይዛ ቆማለች። ሞተሩ ስለሚጮኽ አንዱ የሚለው ለሌላው አይሰማም። «ዝለዪ!» ይላል። ከእግሯ እስከ መድረኩ ሁለት ሜትር ውሃ አለ። «ወዴት?» ትላለች። «አሁን!» ይላል፤ የተጠየቀው ወዴት እንጂ መቼ አልነበረም። ገመዱ ይወረወራል፤ ከመድረኩ ትንሽ ቀርቶት ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ጀልባዋ መቆም የሚባል ነገር አታውቅም፤ ፍሬን የላትም፤ ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባላት ደግሞ ቂጧን ወደ አንድ ጎን ትጥላለች። ቀድመው ገብተው ቢራ የከፈቱት ጎረቤቶች ሁሉ ሊያግዙ ብድግ ይላሉ። እነሱም ከአንድ ሰዓት በፊት እንዲሁ ሆነው ነው የገቡት፤ አሁን ግን ባለሙያ ናቸው። አንዱ ገመዱን ይለቅማል፣ አንዱ በእግሩ ይገፋል፣ አንዱ ምክር ይሰጣል። የታሰረችው ጀልባ ላይ ጸጥታ ይወርዳል። ሚስት ገመድ ለመጠቅለል ከሚያስፈልገው ጊዜ አብዝታ ትጠቀልላለች።

እንግዲህ ሙሉ ቀን በሞገድ ሲንገላቱ ያልተጣሉ ሰዎች በመጨረሻዋ ዐምስት ደቂቃ ለምን ይጣላሉ? አደጋው ስለሚብስ ነው እንዳይባል ወደቡ ከሐይቁ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ድካም ነው ሊባል ይችላል፤ ግን ጠዋት ታድሰው ሲወጡም ያው ጩኸት አለ። የተለወጠ ነገር ቢኖር አዛዡ ብቻ ነው። ነጋዴም ይህን ቀድሞ አይቷል፤ ባልና ሚስቱ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሳይጮኹ የሚነጋገሩበት ገመድ አልባ ማዳመጫ ይሸጣል፤ ባለጀልባዎቹ ስሙን «ትዳር አዳኝ» ብለውታል። ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔም አለ። መሪ መያዝ ጉልበት አይፈልግም፤ ገመድ መያዝና ጀልባ መግፋት ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ሚስት መሪውን ትያዝ፣ ባል ከፊት ይቁም የሚለው ምክር ጀልባ በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የሚከራከርበት የለም፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። መሪው ጉልበት ባይጠይቅም ሹመት ነውና፤ ሹመቱን በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ባል ሲገኝ ጎረቤቶቹ ቢራቸውን አስቀምጠው ያጨበጭቡለታል።

ለዚህ ሁሉ ቀላሉ ተቃውሞ፣ በመኪና ቢሄዱስ የሚለው ነው። መንገዱ አለ፤ ዩ.ኤስ. 31 የሚባለው አውራ ጎዳና ዳርቻውን ይዞ ይሄዳል። ከሉዲንግተን ማኒስቲ በመኪና ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ በሸራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሐይቁን መሻገር ብቻ የፈለገም ከሉዲንግተን ባጀር በምትባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በድንጋይ ከሰል በምትሠራ መርከብ ከነመኪናው ተጭኖ በአራት ሰዓት ገደማ ዊስኮንሲን ይገባል። ዐሥር ሜትር የማትሞላ ባለሸራ ጀልባ ደኅና ነፋስ አግኝታ በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር የሚሮጠው፤ ዳር ዳሩን ቢሮጥ ኖሮ ጀልባዋ ሳትደርስ ታጥቦ፣ ተመግቦ፣ ገመድ ሊቀበላት ይቆም ነበር። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው በዚህ ክርክር ያሸንፋል። ግን የመኪናው ፍጥነት ከአለቃ አያስጥልም፤ እንዲያውም አለቃው መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ስንት ሰዓት እንገባለን፣ ለምን በዚያኛው አልዞርክም፣ ነዳጁን ቀድመህ አትሞላም ነበር። ደግሞስ ሻርለቮይ ላይ ዩ.ኤስ. 31 ራሱ ለጀልባ ይቆማል። ድልድዩ በበጋ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ላይ ይከፈታል፤ በእግረኛ ፍጥነት የምትሳብ ጀልባ በመሐሉ እስክታልፍ ድረስ አውራ ጎዳናው ሙሉ መኪና ተሰልፎ ይጠብቃል። ማኪኖ ደሴት ላይ ደግሞ መኪና እ.ኤ.አ. በ1898 ተከልክሏል፤ እስከዛሬም ሰው በፈረስ፣ በብስክሌትና በእግሩ ነው የሚዞረው። መኪና ይዞ የመጣው ሰው መኪናውን አቁሞ በሰው ጀልባ ይሻገራል።

አደጋውስ? ይህ የምር ተቃውሞ ነውና በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1940 በተነሣው ማዕበል ፔንትዋተር አጠገብ ሦስት ትልልቅ መርከቦች ጠፍተው ከ50 በላይ መርከበኞች አልቀዋል። ያ የመጸው ማዕበል ነው፤ በጋ አያሠጋም እንዳይባል እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1954 በሐይቁ ላይ ያለፈ ፈጣን የነፋስ ግንባር የገፋው ውሃ ቺካጎ ላይ በድንገት ከፍ ብሎ ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ ሰዎችን ጠርጎ 8 ሰዎች ሞተዋል። ከቺካጎ ማኪኖ በሚደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ1898 በተጀመረው የ333 ማይል ውድድር ላይም እ.ኤ.አ. በ2011 በሌሊት አውሎ ነፋስ አንድ ጀልባ ተገልብጦ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ ያውም ልምድ ያላቸው። ስለዚህ አለቃው ቁጡ ነው፤ አይካድም። የሚሺጋን ግዛትም ይህን አውቆ ነው እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በዳርቻው የሚጓዝ ሰው ከመጠለያ ወደብ ከ15 ማይል በላይ እንዳይርቅ አስቦ ወደቦች ሲሠራ የኖረው። ይህ የወደብ ሰንሰለት ባይኖር ኖሮ ጉዞው ለባልና ሚስት የሚመከር አይሆንም ነበር። ቢሆንም ፍርሃቱ ራሱ ለነገሬ ይረዳኛል። የሚፈራ አለቃ ፊት ሁለት ምንዝሮች በመካከላቸው የሹመት ሽኩቻ አይጀምሩም። ጥቁር ደመና በምዕራብ ሲነሣ ሸራ ይውረድ ያለው ማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ ሁለቱም እየሮጡ ነበርና።

የሀብታም ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። አዲስ ጀልባ የቤት ዋጋ ይጠይቃል። ነገር ግን የዛሬ አርባ ዓመት ከፋይበርግላስ የተሠራች ጀልባ አትበሰብስም፤ ባለቤቷ ሲያረጅ እሷ አታረጅምና በአሮጌ መኪና ዋጋ የምትሸጥ አትጠፋም። ከዚያ በኋላ ያለው የወደብ ኪራይ፣ የሸራ፣ የክረምት ማቆያ ወጪ ግን ገዢውን ቀስ እያለ ያስተምረዋል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚወደደው ቀኑ ነው። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ አሜሪካ ውስጥ አሠሪ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ ይስጥ ብሎ የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ የለም። ፈቃዱ በአለቃ ቸርነት የሚገኝ ነው። ወደ አዲሱ አለቃ ለመሄድ የአሮጌው ፊርማ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ሌላ ተቃውሞ ነው። ነፋስ እንዲህ ጥሩ አለቃ ከሆነ ዓመት ሙሉ በእሱ ሥር የሚያድሩት ለምን አላረፉም? ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የነፋስ ምንዝር ነው፤ ዕረፍት ላይ ነህ ቢሉት ቀዘፋውን ያነሣባቸዋል። ሩቅ ሳይሄዱ ሊላንድ ላይም ይኸው ይታያል። ወንዙ ዳር ዕድሜ ያጠቆራቸው የእንጨት የዓሣ ቤቶች አሉ፤ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ቆመውበታል፤ በጢስ የበሰለ ዓሣ ይሸጣል። ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የእረፍተኞቹ ባለሸራ ጀልባዎች ታስረዋል። ነፋሱ አንድ፣ ሐይቁ አንድ፣ ጠዋት የሚሰማው ሬዲዮ አንድ። ነፋስ በርትቶ ሁለቱም ሳይወጡ ሲውሉ ባልና ሚስቱ ዓሣ ገዝተው ፎቶ ይነሣሉ፤ ዓሣ አጥማጁ የዕለት ገቢው ቀርቶበት መረቡን ይጠግናል። እውነት ነው፤ አለቃው በራሱ ጥሩ ሆኖ አይደለም። የሚያሳርፈው መቀየሩ ነው፤ ለዚያውም ሦስት ሳምንት ቆይቶ መልቀቂያ ማስገባት ለሚችል ሰው። ከዚህ የሚከተለውንም እሸሸዋለሁ አልልም። ነገሬ ትክክል ከሆነ የሊላንዱም የጣናውም ዓሣ አጥማጅ ለዕረፍታቸው መሄድ ያለባቸው ነፋስ ወደማይገባበት የስብሰባ አዳራሽ ነው። ከነሚስቶቻቸው መጥተው ከፊት ረድፍ ይቀመጡ፤ የታሸገ ውሃና ማስታወሻ ደብተር ይቀበሉ፤ የግማሽ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት በንባብ ይሰማላቸው፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በቡድን ተከፍለው ይወያዩ፤ ማታም ሰብሳቢውን አብረው ይሙት። በሦስተኛው ቀን ወደ ሐይቁ እንመለስ ማለታቸው አይቀርም፤ ውሎ አበሉ ካልያዛቸው።